ከአመድ እስከ ቀይ አፈር፤ የገደብ ተራራማ ደኖች አፈር ታሪክ

«እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጠቀሰው ብርቱ አባት ደካማ ልጅ ሲተካ፣ የታላቅ ቤት ስም በሰነፍ ወራሽ ሲደበዝዝ ነው። በቋንቋችን ውስጥ አመድ የክስረትና የመጨረሻ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የአፈርን አፈጣጠር ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ምሳሌ ተገልብጦ ይታየዋል። በስምጥ ሸለቆአችን ውስጥና በግራ ቀኙ እሳት ይተፉ ከነበሩት ተራሮች አብዛኞቹ ከበረዱ ቆይተዋል፤ የአንዳንዶቹም አፍ ሐይቅ ሆኗል። የወለዱት አመድ ግን አፈር ሆኖ እስከ ዛሬ ሕዝብ ይመግባል።

ከዚህ ውርስ ተካፋይ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ገደብ ነው። ገደብ በጌዴኦ ዞን ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ፣ ቀድሞ በኮቸሬ ወረዳ ሥር የነበረ ደጋማ ወረዳ ሲሆን፣ ቡናው በአብዛኛው የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ምርቱ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ግን «ይርጋ ጨፌ» በሚለው ስም ነው። ስለዚህ ቡና ጣዕም ከሚጽፉት ብዙዎቹ «የእሳተ ገሞራ አፈር» የሚለውን ቃል ሳይጠቅሱ አያልፉም። በእኛም ሙያ ውስጥ ቢሆን «መሬቱ የእሳተ ገሞራ ነውና ለም ነው» የሚለው አነጋገር ለብዙ ዘመን እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ኖሯል።

ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ሙሉውን ሐሰት ያህል ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱም የገደብን ለምነት እሳቱ አንድ ጊዜ የሰጠው፣ የማያልቅ ስጦታ አድርጎ ያቀርበዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው የዚህ አፈር አባቶች ሁለት መሆናቸውን ነው። አንዱ ከስምጥ ሸለቆው የወጣው እሳት ነው፤ ሁለተኛው ከዛፍ የሚረግፈው ቅጠል ነው። የመጀመሪያው ሥራውን ከጨረሰ እጅግ ረዥም ዘመን አልፏል። ሁለተኛው በየዓመቱ ሥራውን ካልቀጠለ የመጀመሪያው ውርስ ብቻውን አይበቃም።

የእሳቱ ዘመን

የጌዴኦ ምድር የተቀመጠው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በሚነሣው ገደላማ ቁልቁለት ላይ ነው። መሠረቱም የእሳት ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የወጣ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈስሶ በሰፊው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ አነጠፈ። ከዚያም ምድር ተሰንጥቃ ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ ሲሄድ የእሳተ ገሞራው ጠባይ ተለወጠ። ዝግ ብሎ ከሚፈስሰው ቅላጭ ሌላ፣ ሲሊካ የበዛበትና ጋዝ የታመቀበት ቅላጭ በፍንዳታ ወደ ሰማይ ይወረወር ጀመር።

የዚህ ፍንዳታ ውጤት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው እንደ ደመና ከፍ ካለ በኋላ በነፋስ ተወስዶ በሩቅ አገር ላይ የሚዘንበው አመድ ነው። ሁለተኛው በራሱ ክብደት ተመልሶ ወድቆ፣ እንደ ጋለ ጎርፍ ሸለቆውን እየሞላ ሄዶ፣ በገዛ ትኩሳቱ ተጣብቆ የሚጸናው አመድ ሲሆን፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ኢግኒምብራይት ይሉታል። በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ከፍታዎች ይህ የጸና አመድ ከባዛልቱ ጋር ተደራርቦ ይገኛል። ስለዚህ «አመድ» ስንል ልል ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ድንጋይ የሆነውንም ጭምር ማሰብ ይገባናል።

የእነዚህ ፍንዳታዎች ኀይል ምን ያህል እንደ ነበረ ለመገመት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ዛሬ የሻላ ሐይቅ ከተኛበት ሰፊ አፍ የወጣው አመድ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦሞ ኪቢሽ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው ፍንዳታው የደረሰው ከ233,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከዚህ አመድ ንጣፍ ሥር የተገኘው የጥንት ሰው አፅም ዕድሜ የተቆረጠው በዚሁ አማካይነት ነው። ነገሩ የሩቅ ዘመን ተረት ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደርሷል። አመድ ድንበር የማያውቅ መንገደኛ መሆኑን የእኛም ትውልድ በዐይኑ አይቷል።

አመድ እንዴት አፈር ይሆናል?

የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ አመድ የተለየ ነው። የምድጃው አመድ እንጨት ተቃጥሎ የቀረ ሲሆን፣ የእሳተ ገሞራው አመድ ግን ስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ በድንገት የበረደ የድንጋይ ስባሪ ነው። በድንገት ስለ በረደ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ሥርዐት ይዘው ለመደርደር ጊዜ አላገኙም፤ ስለዚህም አብዛኛው ክፍሉ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ደግሞ በዝናብና በብስባሽ አሲድ ፊት ከሌላው ማዕድን ፈጥኖ ይፈርሳል። ሌላ ድንጋይ እጅግ ረዥም ዘመን የሚፈጅበትን ለውጥ እርጥበት ባለበት ተራራ ላይ ያለ አመድ በጥቂት መቶ ወይም በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ብርጭቆው ሲፈርስ አልሙኒየምና ሲሊካ በብዛት ይለቀቃሉ። ከእነዚህም አሎፌን የተባለው ልዩ ማዕድን ይፈጠራል። አሎፌን ውስጡ ባዶ የሆነ ድቡልቡል ነገር ሲሆን፣ ስፋቱ አራት ወይም አምስት ሚሊዮንኛ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ቊጥር የሌላቸው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ገንቦዎች ተከማችተዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። የአመድ አፈር ልዩ ጠባዮች ሁሉ የሚመነጩት ከእነዚህ ገንቦዎችና አልሙኒየም ከብስባሽ ጋር ከሚያደርገው ጽኑ ቁራኝነት ነው።

የመጀመሪያው ጠባይ ቅለት ነው። ያልተነካ የአመድ አፈር አንድ ሊትር ሲደርቅ ከ0.9 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ሌላው የተለመደ አፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው ውኃ የመያዝ ችሎታ ነው። ደረቅ የሚመስለው ጓል በጣት ሲታሽ ውኃ ተፍቶ እንደ ቅባት ይንሸራተታል። ሦስተኛው ብስባሽን አቅፎ መጠበቁ ነው፤ በሌላ አፈር ቶሎ ተቃጥሎ የሚያልቀው የቅጠል ቅሪት እዚህ ከአልሙኒየም ጋር ተቆራኝቶ ለረዥም ዘመን ይቆያል። በዚህ ምክንያት የአመድ አፈር በዓለም ላይ ካርቦን በብዛት ከሚያከማቹት አፈሮች አንዱ ነው።

አራተኛው ጠባይ ግን ስጦታ ሳይሆን ፈተና ነው። ይህ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ ይዞም በቀላሉ አይለቅም። ገበሬው የሚጨምረው የፎስፈረስ ማዳበሪያ አብዛኛው ክፍል ከሥር ሳይደርስ በአልሙኒየሙና በብረቱ ይማረካል። አምስተኛውም እንደዚሁ አሳሳቢ ነው። አፈሩ ራቁቱን ቀርቶ በፀሐይ ክፉኛ ከደረቀ የቀድሞ መልኩን መልሶ አይዝም፤ እንደ አሸዋ ወደሚበታተን ቅንጣት ይለወጣል፤ ውኃም ተመልሶ በደኅና አይጠጣም። በደን ጥላ ሥር እጅግ ጽኑ የነበረው ቁልቁለት ሽፋኑን ሲያጣ በጎርፍ ፊት ደካማ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ስሙና የጥናቱ ታሪክ

ይህ የአፈር ዐይነት በሳይንሱ ዓለም የራሱን ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የአሜሪካ የአፈር ባለሙያዎች ጃፓን ውስጥ ቅኝት ሲያደርጉ ጥቁርና ቀላል የሆነ እንግዳ አፈር አገኙ። በጃፓንኛ «አን» ጨለማ፣ «ዶ» አፈር ማለት ነውና ስሙን ከዚያ ወስደው «አንዶ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1964 ፋኦና ዩኔስኮ በቶኪዮ ስለ አመድ አፈር አመዳደብ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች በሶዲየም ፍሎራይድ አማካይነት አሎፌንን በመስክ ላይ ለመለየት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፋኦና የዩኔስኮ የዓለም የአፈር ካርታ መግለጫ «አንዶሶል» ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። አሜሪካኖች ደግሞ በአመዳደባቸው ውስጥ የራሱን መደብ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ከጃፓን ታሪክ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ያ ጥቁር አፈር ብስባሽ የሞላበት ሆኖ ሳለ የጃፓን ገበሬዎች ለብዙ ዘመን እንደ ደካማ መሬት ይቆጥሩት የነበረ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው የፎስፈረስ ምርኮ ነበር። ሁለተኛው፣ የአፈሩ መልክ በላዩ ላይ በሚበቅለው ነገር የሚወሰን መሆኑ ነው። ሰው በየጊዜው በእሳት እያቃጠለ ባቆየው የሣር ሜዳ ሥር አፈሩ ድፍን ጥቁር ሲሆን፣ በደን ሥር ግን ወደ ቡናማነት ያደላል። አመዱ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ስለ ተለየ አፈሩም ተለየ። እንግዲህ አፈር ከድንጋይ ብቻ የሚወለድ ሳይሆን በላዩ የኖረው ሕይወትም አሻራውን የሚያሳርፍበት ነገር ነው።

የገደብ ቀይ አፈር

በአገራችን ከአመድ የተገኘ የአንዶሶል ጠባይ ያለው አፈር በግልጽ የሚታየው ቀዝቃዛና እርጥብ በሆኑት ከፍተኛ ተራሮች፣ ለምሳሌ በባሌ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆው ውስጥና ዳር በወጣት አመድ ላይ ነው። ገደብ ላይ የሚታየው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በጌዴኦ ቁልቁለት በስፋት የሚገኘው ኒቲሶል የተባለው ቀይ አፈር ነው። ስሙ የመጣው አንጸባራቂ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ጓሉ ሲሰበር ገጹ እንደ ተወለወለ ያበራልና። ኒቲሶል ጥልቅ ነው፤ ውኃ አያቁርም፤ ከመቶ 30 እጅና ከዚያ በላይ ሸክላ ቢኖረውም እንደ መረሬ አይጣበቅም፣ በበጋም አይሰነጠቅም። ይህ አፈር በሐሩር አገሮች ካለው ስፋት ከግማሽ በላይ የሚገኘው በአፍሪካ ሲሆን፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ከዋነኞቹ ባለቤቶች መካከል ናቸው።

በገደብ ከቡና ጥላ ሥር ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሙያ የአፈሩን ታሪክ ከላይ ወደ ታች ሊያነበው ይችላል። ከሁሉ በላይ የረገፈ ቅጠልና የእንሰት ጉዝጓዝ ይገኛል። ከሥሩ ጥቁር ቡናማ፣ ልል፣ በትል የተቦረቦረና ጥቃቅን ሥሮች የተጠላለፉበት ንጣፍ አለ። ዝቅ ሲል መልኩ ቀስ በቀስ ወደ ቀይነት ይለወጣል፤ ጓሉም እንደ ለውዝ ፍሬ ተለያይቶ የሚፈረፈር ይሆናል። ከዚያም ወደ ታች በመበስበስ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይደረሳል። ጥቁሩ ንጣፍ የዛፉ ድርሻ ነው፤ ቀዩ የእሳቱ ውርስ ነው።

ቀይ አፈሩ የአመድ ሽምግልና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዝናብ ለብዙ ዘመን ሲያጥበው አሎፌኑ ሥርዐት ወዳለው ሸክላ፣ በመጀመሪያ ወደ ሃሎይሳይት ኋላም ወደ ካኦሊናይት፣ ይለወጣል። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና ፖታስየሙ ቀስ በቀስ ታጥበው ይሄዳሉ፤ የማይሟሟው ብረት ግን ይቀራል፤ አፈሩንም ያቀላዋል። በዚህ ጉዞ ውስጥ አፈሩ ከወጣትነቱ የሚያጣው ጥቃቅኖቹን ገንቦዎች፣ ቅለቱንና አዲስ ምግብ የሚለቅለትን ብርጭቆ ነው። የማያጣው ደግሞ ፎስፈረስን አጥብቆ የመያዝ ጠባዩን ነው፤ በአሎፌኑ ፋንታ አሁን ብረቱ ይይዘዋልና። በሌላ አነጋገር፣ ጊዜ ከአመዱ በጎነት ብዙውን ወስዶ ፈተናውን ትቶለታል።

ታዲያ ይህ አፈር እንዴት ለም ሆኖ ቆየ? መልሱ ያለው ከላይኛው ጥቁር ንጣፍ ነው። የዋንዛው፣ የብርብራው፣ የሰሳውና የቆርቹ ሥሮች ታጥቦ ወደ ጥልቁ የወረደውን ካልሲየምና ፖታስየም ስበው ያወጣሉ፤ ቅጠሉም ረግፎ ወደ ላይኛው ንጣፍ ይመልሰዋል። ከእነዚህም ብርብራ፣ ሰሳና ቆርች ናይትሮጅንን ከአየር የመውሰድ ችሎታ ካላቸው ዛፎች ወገን ናቸው። ብስባሹ የብረቱን ገጽ ስለሚሸፍነው ፎስፈረሱ ከምርኮ ይድናል፤ ከቅጠል ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሥር ባጭር መንገድ ይመላለሳል። አመዱ በወጣትነቱ በራሱ ይሠራ የነበረውን ሥራ አሁን የሚሠራለት ዛፉ ነው።

ዛፍ፣ እንሰትና ሰው

የገደብ ደን ከሩቅ ለሚያየው ዱር ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን እርሻ ነው። ከላይ ረዣዥሞቹ ዛፎች፣ ከመካከል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናውና ሌላው ቁጥቋጦ ተደራርበው የቆሙበት የሰው እጅ ሥራ ነው። ዶክተር መሰለ ነጋሽና ባልደረቦቹ በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በእነዚህ እርሻዎች ውስጥ 58 ዐይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግቧል፤ ከእነዚህም ከመቶ 86ቱ አገር በቀል ናቸው። በኋላ የወጣው ጥናታቸውም በዚህ ሥርዐት ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን የሚበዛው በዛፉ ግንድ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። እንግዲህ የጌዴኦ ዋነኛ ደን ያለው ከመሬት በታች ነው ለማለት ይቻላል።

የዚህን ሥርዐት ቁልፍ የያዘው እንሰት ነው። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይቆያል፤ በየዓመቱ መሬቱ አይታረስለትም፤ ሰፊው ቅጠሉ የዝናቡን ምት ያበርዳል። ቆጮ ተፍቆ ሲያበቃ ተረፈ ምርቱ ወደ መሬቱ ይመለሳል። አረሙም ታጭዶ እዚያው ይነጠፋል። በዚህ ምክንያት ነው እጅግ ተዳፋት የሆነው የጌዴኦ መሬት ያን ያህል የድንጋይ እርከን ሳይሠራለት አፈሩን ይዞ የቆየው። በዓለም ላይ ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የኪሊማንጃሮ ቻጋ ሕዝብ ነው። በዚያም የእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ሙዝና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ተደራርበው ይኖራሉ፤ ብዙ ሕዝብም በጠባብ መሬት ላይ ይተዳደራል።

ሰው በዚህ ምድር ላይ የቆየበትን ዘመን የሚመሰክሩት ትክል ድንጋዮቹ ናቸው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የታወቁ ሲሆኑ፣ እነዚህ ሐውልቶች የቆሙት በተራሮቹ ጀርባ ላይ ነው። ድንጋዩም ያው አፈሩን የወለደው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ዕድሜያቸው አንድ ሺህ ዓመት እንደማይሞላ ይገመት ነበር፤ በሳካሮ ሶዶ የተደረገው የኋለኛው ጥናት ግን ወደ አንደኛው ምዕተ ዓመት አድርሶታል። ዶክተር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የጌዴኦ መሬት አጠቃቀም ጥናት «አምስት ሺህ ዓመታት ዘላቂነት?» ሲሉ ሰይመውታል። ከዚያ ርእስ መጨረሻ የተቀመጠችው የጥያቄ ምልክት ልትዘነጋ አይገባም።

የአፈሩ በረከት ሁልጊዜ ለሚንከባከበው አልቀረም። ጌዴኦ በ1887 ዓ.ም. ገደማ በአዲሱ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የቡና ንግድ እየሰፋ ሄደ፤ ለቤት ፍጆታ የነበረው የእንሰት ጓሮም ለውጭ ገበያ የሚያመርት እርሻ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች ጭነት ላይ ተነሥተው በሚጪሌ ደም ፈሰሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዐት ሻረ። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መካከል ባለመሬቱ ተለዋወጠ እንጂ ጉዝጓዙን የሚያነጥፈው እጅ ያው የገበሬው እጅ ነበር።

የሙያችን ድርሻና ስሕተት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በኢትዮጵያ አፈር ለምነት ላይ ከተደረጉት ሰፋ ያሉ ጥናቶች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ኤች. ኤፍ. መርፊ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ነው። ከዚህ ጥናት የተወሰደው ዋና ትምህርት አፈራችን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደሚያንሰው፣ ፖታስየም ግን እንደማይቸግረው ነበር። ለጊዜው የተሰጠ ጠቃሚ መልስ ነበር፤ ጥፋቱ የመርፊ ሳይሆን መልሱን እንደ ዘላለማዊ ሕግ የተቀበልነው የእኛ ነው። «ድንጋያችን የእሳተ ገሞራ ነውና ፖታስየም ሞልቶናል» የሚለው ሐሳብ በትምህርት ቤትም በመስክም ሲደጋገም ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1960ዎቹ «ከረሀብ ነጻ የመውጣት ዘመቻ» በሚል ስም በተደረጉት የማዳበሪያ ሙከራዎች ጀምሮ የመጣው ምክርም ቀስ በቀስ አንድ ወጥ ሆነ። በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው መመሪያ ለመረሬውም፣ ለቀዩም፣ ለአመዱም ያው ነበር። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በፋኦ ርዳታ የተዘጋጀው የአገሪቱ የመሬት ገጽና የአፈር ካርታ የአፈሮቻችንን ልዩነት በጉልህ አሳይቶ ነበር። ዶክተር መስፍን አበበም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ኢትዮጵያ አፈሮች ጠባይና አያያዝ ባወጡት መጽሐፍ ነገሩን በሰፊው አብራርተዋል። ይሁን እንጂ በካርታው ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የተለየው አፈር በማዳበሪያ መጋዘን በር ላይ አንድ ሆኖ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዐት ጥናት ይህን ልማድ አናጋው። ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ እንደሚጐድሉ፣ ፖታስየምም በአንዳንድ አካባቢዎች የሚያንስ መሆኑ ተገለጠ። ይህን ያነበበ ባለሙያ ሊደነቅ ባልተገባው ነበር፤ ከላይ እንዳየነው አመድ ሲሸመግል በመጀመሪያ ከሚያጣቸው መካከል አንዱ ፖታስየም ነውና። ድንጋዩ ምን እንደ ነበረ ጠይቀን፣ ዝናቡ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ወሰደ ሳንጠይቅ ቀረን።

የሚያሰጋው ነገር

ዛሬ የገደብ አፈር የሚፈተነው ከምድጃው በኩል ሳይሆን ከጥላው በኩል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ይደርሳል። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጓሮው ጠበበ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ገደብ ተፈናቃዮች በብዛት ከተጠለሉባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ችግር በሰው ላይ ካደረሰው መከራ ሌላ ማገዶና መጠለያ ከሚገኝበት ዛፍ ላይም ጫና ያሳርፋል።

ከዚህም ጋር ጫትና ባሕር ዛፍ በየእንሰቱ ቦታ እየገቡ ናቸው። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ጥሬ ገንዘብም ቶሎ ያስገባል፤ እንሰት ግን ዓመታት ያስጠብቃል። ሆኖም ጥላው ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለመገመት በስተ ሰሜን ያለውን የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን አካባቢ መመልከት ይበቃል። ደኑ ከተመነጠረ እስከ 53 ዓመት ድረስ የታረሱ ማሳዎችን በየዕድሜያቸው አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት በላይኛው ንጣፍ የነበረው ካርቦንና ናይትሮጅን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ እንደ ሄደ አሳይቷል። በደን ሥር ብዙ ዘመን የፈጀው ክምችት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተመናመነ።

በገደብ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ የሚቀረው ምንድን ነው? ጥቁሩ ንጣፍ ተጠርጎ ሲሄድ ቀዩ ይወጣል። ቀዩ አሲዳማ ነው፤ ምግቡ ታጥቧል፤ የሚሰጠውንም ፎስፈረስ ይማርካል። ያን ጊዜ ዛፉ በነጻ ይሰጥ የነበረውን በኖራና በማዳበሪያ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ የአንድ ትንሽ ጓሮ ባለቤት አይችለውም። ለዚህ አፈር ሁለተኛ አመድ ከሰማይ አይዘንብለትም፤ ቢዘንብም ወደ አፈርነት እስኪለወጥ ድረስ የሚጠብቅ ትውልድ የለም።

በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለመዝገቡ የበቁት ትክል ድንጋዮቹ ብቻ አይደሉም፤ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተቀደሱ ደኖችና ይኸው ተደራራቢ እርሻ ጭምር ናቸው። ክብሩ ታላቅ ነው። ነገር ግን ቅርስን መዝገብ ብቻውን አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው ዛፉን ያለመቁረጥ የሚያዋጣው ገበሬ ነው። ስለዚህ የጥላ ቡና ዋጋ፣ የእንሰት በሽታ ጥናትና የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ጉዳይ የግብይት፣ የሰብልና የደን ክፍሎች የተለያዩ ሥራዎች መስለው ቢታዩም፣ ገደብ ላይ ሁሉም የአፈር ጥበቃ ሥራዎች ናቸው።

እኛም በየሙያችን የሚጠበቅብን አለ። ወደ ጌዴኦ ሲወጡ የአፈሩን ናሙና ከጥላው ነጥሎ አለመመርመር፣ ውጤቱንም ከዛፉ ነጥሎ አለመተርጎም ይገባል። በናሙና ከረጢቱ ላይ ከፍታውና ጥልቀቱ እንደሚጻፍ ሁሉ ከላይ የቆመው ዛፍ ስምና የጓሮው ዕድሜም ሊጻፍ ይገባዋል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ዲላ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው አለ፤ ከዚያም በላይ ጥቁሩን ንጣፍ በየዕለቱ የሚያየው ገበሬ አለ። እርሱ አሎፌን የሚለውን ቃል ባይሰማም፣ ቅጠሉ የቀረበት መሬት መቅላቱን ከእኛ በፊት ያውቃል።

ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ መሠረት እሳት አመድ ወለደ፤ አመድም ቀይ አፈር ወለደ። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ያለነው እኛ ነን። ቤቱ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ከላይ የሚረግፈው ቅጠል ነውና፣ ቅጠሉ የሚረግፍበት ዛፍ ቆሞ እንዲኖር ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።